ከምንጣፉ በታች ያለው ታሪክ፦ አሮጌ መኪና፣ ጩኸት፣ ሙቀትና የጁባ መንገድ

ጁባ ውስጥ ሚያዝያ ሲገባ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። በኮኞ ኮኞ ገበያ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሱቅ የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዶፉ መውረድ ሲጀምር ሻጭና ገዥ ዋጋ የሚነጋገሩት በአፍ ሳይሆን በጣት ነው። ያው ዝናብ የሣር ክዳን ባለው የባሪ ጎጆ ላይ ሲወርድ ግን ድምፁ ከሹክሹክታ አይበልጥም፤ በቀትርም ውስጡ ከሱቃችን ይልቅ ይቀዘቅዛል። ዝናቡም ፀሐዩም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ጣራው ላይ ነው። መኪናም ያው የቆርቆሮ ቤት ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሳሳን በጁባ ና ባሪ ሰፈር አንድ ምሽት ቡና ላይ የተነሳ ወግ ነው። የሰፈሩ ስም በፊደላችን ሲጻፍ «ጁባ እና ባሪ» የሚል ይመስላል፤ በባሪ ቋንቋ ግን ያቺ «ና» «የ» ማለት ናት፤ የባሪ ጁባ። እንግሊዞች በ1920ዎቹ ከተማ ከመቆርቆራቸው በፊት አካባቢው የባሪ መንደር ነበርና ስሙ ያንን ይዞ ቀርቷል። በዚያ ምሽት የአንዱ ሾፌራችን ባለቤት እንዲህ አለች፦ «ከኒሙሌ በተመለሰ ቁጥር ቤት ውስጥ ይጮኽብናል። የተቆጣ እየመሰለን ልጆቹም እኔም ስንሳቀቅ ኖርን። ኋላ ነው ጆሮው መሆኑ የገባን።» እሱ አንገቱን ደፋ። ሌሎቻችንም በልባችን የራሳችንን ቤት አሰብን።

የብዙዎቻችን እንጀራ የሚጋገረው በአሮጌ መኪና ነው። ሃያና ሰላሳ ዓመት ያገለገለ ላንድክሩዘር፣ ወለሉ ባዶ ላሜራ የሆነ ሃይኤስ፣ በሩ ሲዘጋ የድስት ክዳን የሚመስል አይሱዙ። ጩኸቱንና ሙቀቱን እንደ ዕጣችን ተቀብለነዋል። ነገር ግን መኪና ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ ጸጥታውም በአንድ ቀን አልተገኘም። አንድ ችግር ሲመጣ አንድ ንብርብር፣ ሌላ ችግር ሲመጣ ሌላ ንብርብር እየተጨመረ የተሠራ ነው። ታሪኩን ስናገላብጥ ያገኘነው ትምህርትም ይኸው ነው፦ ንብርብሮቹ የተጨመሩበት ቅደም ተከተል ዛሬ እኛ አሮጌ መኪና ስናድስ ልንከተለው ከሚገባን ቅደም ተከተል ጋር ይገጥማል።

መጀመሪያ ነፋስና አቧራ

አባቶቻችን የሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና ግመል ጭነው ሲሄዱ የመንገዱ ጩኸት የኮቴና የጅራፍ ድምፅ ነበር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ ለአጼ ምኒልክ አዲስ አበባ ያደረሳት መኪና ክፍት ነበረች። የዚያን ዘመን መኪና ብዙው እንዲያ ነበር፤ ግድግዳ የለው፣ ጣራው ሸራ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ግን ነፋስ ይዞት ይሄዳል። የተሳፋሪው ጭንቀት አቧራ፣ ዝናብና ብርድ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው «መከላከያ» ካፖርትና መነጽር ሆነ።

የተዘጋ ጋቢና በዓለም ላይ የተለመደው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በርና መስኮት ተገጠመ፤ በበሩ ዙሪያ ነፋስ እንዳያስገባ ስሜት፣ ኋላም ላስቲክ ዞረበት። ዛሬ በጋራዥ ቋንቋችን የበር ጎሚኒ የምንለው ነገር አያት እሱ ነው። የመጀመሪያው ንብርብር እንግዲህ ቀዳዳን መድፈን ነበር ማለት ነው።

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ ባገኘው ቀዳዳ ይገባል። ከግድግዳው ስፋት 1 በመቶው ብቻ ክፍት ሆኖ ከቀረ፣ የቀረው ግድግዳ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን በጠቅላላው ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊቀንስልን አይችልም። የደረቀ ጎሚኒ ይዞ ወለሉ ላይ ሦስት ድርብ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው በሩን ከፍቶ መስኮት እንደሚዘጋ ሰው ነው።

ቀጥሎ ከበሮው

ጋቢናው ሲዘጋ ጩኸቱ ውስጥ ቀረ። የቀድሞው አካል የእንጨት አጥንትና የሸራ ጣራ ስለነበረው ድምፅን ይውጥ ነበር። ከዚያ ሙሉ የብረት አካል መጣ። በ1935 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሞተርስ ከአንድ ወጥ ላሜራ የተጨፈለቀ ጣራ በመኪኖቹ ላይ ሲያወጣ ለጥንካሬ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ሰፊና ስስ ላሜራ ማለት ከበሮ ማለት ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ላሜራው ራሱ ይርገበገባል፤ ሲርገበገብም አየሩን ይመታል፤ ያ ድምፅ ሆኖ ጆሯችን ይደርሳል።

መፍትሔው በሬንጅ የተነከረ ወፍራም ሰሌዳ ላሜራው ላይ መለጠፍ ሆነ። ነገሩ ከበሮ ላይ መዳፍ እንደማሳረፍ ነው፤ ቆዳው አይቀደድም፣ ግን አይጮኽም። ፋብሪካዎች ይህን የሬንጅ ሰሌዳ ወለሉ ላይ ዘርግተው የቀለም ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ሲያስገቡት ቀልጦ ከላሜራው ቅርጽ ጋር ይጣበቃል። በ1952 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄርማን ኦበርስት እንዲህ ያለው ሽፋን ርግብግቢቱን እንዴት እንደሚያበርድ በስሌት አስረዳ፤ በስሙ የሚጠራው መፈተኛ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለእኛ ኪስ የሚጠቅመው ነገር ሙሉውን ላሜራ መሸፈን ግድ አለመሆኑ ነው። አንድ ሰፊ ላሜራ ከመሐሉ ሩቡ ወይም ግማሹ ቢለጠፍ የከበሮው ድምፅ አብዛኛው ይጠፋል።

በአገራችን ይህ ሙያ የገባው በጋራዥ በኩል ነው። አስተማሪዎቹ እነማን እንደነበሩ ቃላቱ ይመሰክራሉ። ላሜራ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ጋቢና፤ ሁሉም የጣሊያንኛ ዘሮች ናቸው። እዚህ ጁባ ደግሞ ላሜራ ቀጥቃጩ በአረብኛ «ሰምከሪ»፣ ወንበር አልባሹ «ሙነጂድ» ይባላል። አንድ መኪና ላይ ሁለት ታሪክ እንነጋገራለን።

አዲስ አበባ ያደገ አንባቢ ሴቼንቶን፣ ቮልስንና ከአብዮቱ በኋላ የመጣችውን ላዳ ያስታውሳል። ሴቼንቶና ቮልስ ሞተራቸው ከኋላ ስለሆነ ጩኸቱ ከተሳፋሪው ጀርባ ነበር፤ የቮልስ ሠሪዎች በሞተሩ ክፍልና በተሳፋሪው መካከል የሬንጅ ካርቶን ያስገቡ ነበር። እነዚህ መኪኖች ሲያረጁ ካርቶኑ ረገፈ፤ ጎሚኒው ደረቀ። ባለሙያዎቻችን ከመርካቶ ምናለሽ ተራና ሶማሌ ተራ ባገኙት ቁርጥራጭ ይተኩት ነበር። አሮጌ መኪናን ማኖር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለጣለ፣ አገር ቤት ያለውም ወገናችን ያለችውን መኪና አጥብቆ እንዲይዝ ምክንያት ሆኖታል።

ናፍጣው

ሦስተኛው ችግር የናፍጣ ሞተር ነው። ከቤንዚን ይልቅ ይጎረብጣል፤ ያንኳኳል። በእኛ መንገድ ንጉሡ ላንድክሩዘር 70 ነው፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ1990 የመጣው 1ኤችዜድ የተባለው ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው ነው፤ ቆሻሻ ናፍጣ ይችላል፣ በቀላሉ ይጠገናል፣ አይሞትም፤ ዝም ግን አይልም። መኪናው የተሠራው ለሥራ ስለሆነ ብዙው ወለሉ በውሃ እንዲታጠብ ተብሎ በፕላስቲክ ምንጣፍ ብቻ የተሸፈነ ነው። ለእርዳታ ድርጅት፣ ለማዕድን ፍለጋና ለወታደር ያ ጥሩ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚቀመጥበት ነጋዴ ግን ሌላ ነው።

በሞተርና በተሳፋሪ መካከል ያለው የብረት ግድግዳ ላይ ፋብሪካው የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከባድና ለስላሳ የላስቲክ መጋረጃ፤ ክብደቱ ድምፁን ይመልሳል። ሁለተኛው ከመጋረጃው በስተጀርባ ስሜት ወይም ስፖንጅ፤ ሾልኮ የመጣውን ይውጣል። ስሜቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከተፈጨ አሮጌ ጨርቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ለስላሳ ነገር ብቻውን ጩኸት የሚያስቆም መስሎን ነው። ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ወፍራሙን የናፍጣ ጉርምርምታ ግን እንደሌለ ያልፈዋል። ለዚያ ክብደት ያስፈልጋል።

ፀሐዩ

አራተኛው የእኛው የራሳችን ነው። በጁባ የካቲትና መጋቢት የቀኑ ሙቀት በአማካይ ወደ 37 ዲግሪ ይጠጋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ቀዝቃዛ አገር የተሠራ መኪና ይህን አስቦ አልተሠራም።

ላንድሮቨር ግን በ1950ዎቹ ለሞቃት አገር አንድ መላ አመጣ፤ በጣራው ላይ ሌላ ሁለተኛ ጣራ። በሁለቱ መካከል ጥቂት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ፤ ላይኛው ፀሐዩን ይቀበላል፣ በመካከል ነፋስ ያልፋል፣ ታችኛው ሳይግል ይቀራል። በብዙ የአፍሪካ አገር ያለፈ ሰው ያንን ድርብ ጣራ አይቶታል። ከባሪ ጎጆ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፤ የሣር ክዳን ማለት እልፍ አየር የያዘ ድርብ ጣራ ማለት ነው። ሙቀትን የሚከለክለው በአብዛኛው የታሰረ ወይም የሚተላለፍ አየር ነው እንጂ የዕቃው ውድነት አይደለም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ገበያ ላይ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ሽፋን ከፊቱ የአየር ክፍተት ካላገኘ ማንጸባረቁ ዋጋ የለውም። ከጋለ ላሜራ ጋር ፊት ለፊት ተጣብቆ ከተለጠፈ ሙቀቱን በንክኪ ተቀብሎ ያሳልፈዋል። አንጸባራቂው ፊት ወደ ክፍተቱ መዞር አለበት።

ጁባ የደረሰው

ከጥር 2005 እ.ኤ.አ. የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ በሯን ስትከፍት እኛም ገባን፤ ሆቴል ከፈትን፣ ውሃ አመላለስን፣ እህልና ሸቀጥ ጫንን። ሐምሌ 9 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ነጻነት ሲታወጅ ከመካከላችን ብዙዎች ከተማው ውስጥ ነበርን። የዕቃው መንገድ ደቡቡ ነው፦ ሞምባሳ፣ ካምፓላ፣ ኒሙሌ፣ ጁባ። ከኒሙሌ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር በአሜሪካ እርዳታ አስፋልት የሆነው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የጠጠርና የአቧራ መንገድ ስንቱን መኪና እንዳላላ እኛው ምስክሮች ነን።

መኪናው ራሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጃፓን ነው። ጃፓን ውስጥ አዲስ መኪና በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ጥብቅና ውድ ምርመራ ስላለበት ባለቤቱ ጨርሶ ሳያረጅ ይሸጠዋል፤ በጨረታና በመርከብ ወደ እኛ ይመጣል። ኡጋንዳና ኬንያ በግራ ስለሚነዱ መሪው በቀኝ ነው፤ ደቡብ ሱዳን ደግሞ በቀኝ ይነዳል፤ ሾፌራችን ለመቅደም ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው «እይልኝ» ሲል የሚኖረው ለዚህ ነው። በጩኸት መካከል የሚባል «እይልኝ» እና የሚመለስ «ቆይ» ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚያመጣ ማስረዳት አያስፈልግም።

እኛ እጅ ሲገባ አራቱም ንብርብር አልቀዋል። ጎሚኒው በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የፋብሪካው ሬንጅ ሰሌዳ ከዘመን ብዛት እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል፤ የተሰበረ ሰሌዳ ደግሞ ላሜራውን አያበርድም። ስሜቱ ውሃ ጠጥቶ ሻግቷል፣ ወይም መኪናው ለጭነት ሲቀየር ተነቅሎ ተጥሏል። የአንድ አሮጌ ሃይኤስ ምንጣፍ ስናነሳ የምናየው የጃፓን ሬንጅ፣ በላዩ ከአስፋልቱ በፊት የነበረው የመንገዱ ቀይ አፈር፣ በላዩ የካምፓላ ካርቶን፣ በላዩ የእኛው የፍራሽ ስፖንጅ ነው። የመኪናው ዕድሜ እዚያ ተጽፏል።

ያጠፋነው

እኛም ሳንማር ገንዘብ አጥፍተናል። ከመካከላችን የአንዱን ሃይኤስ «ዝም እናሰኛት» ብለን በከተማው አንድ ጋራዥ የፍራሽ ስፖንጅ በወለሉ ሙሉ አስነጠፍን፤ በላዩ ወፍራም ምንጣፍ፣ ጣራው ላይ ደግሞ ለቤት ጣራ መድፈኛ የሚሸጠውን የሬንጅ ጥቅልል አስለጠፍን። ለአንድ ወር ደስ አለን። መጋቢት ሲመጣ ሬንጁ ለስልሶ በጣራው ጨርቅ በኩል ተንጠባጠበ፤ ሽታው ራስ ምታት ሆነብን። ሚያዝያ ሲመጣ በደረቀው ጎሚኒ የገባውን ውሃ ስፖንጁ ጠጥቶ ያዘው። ዝናቡ ሲያልፍ ምንጣፉን ብናነሳ ወለሉ ዝጎ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቷል። የድምፅ ማጥፊያ ብለን የገዛነው ነገር መኪናውን በላው።

ጥፋቱ የስፖንጁ ብቻ አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉን መዝለላችን ነበር። ቀዳዳ ሳንደፍን ለስላሳ አነጠፍን። ለወለል የሚሆነውን ሳንለይ ለቤት ጣራ የተሠራውን ለመኪና ጣራ አዋልን።

ጆሮው

ለምን ይህን ያህል እንደከፋን እንናገር። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረው ወሰን በቀን 8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፦ በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት። ሦስት ዴሲቤል ለጆሮ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ የድምፁ ጉልበት ግን እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። በጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት ጥቃቅን የጸጉር ሕዋሳት ከሞቱ አይተኩም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የሕፃንና የሴት ድምፅ፣ በስልክ የሚመጣ ቃል። ሰውየው «እሰማለሁ፣ ግን አይለይልኝም» ይላል። ከመንገድ በኋላ ጆሮ ጭው ማለቱ ማስጠንቀቂያው ነው።

ሙቀቱና ጩኸቱ ተደምረው ደግሞ ያደክማሉ። የደከመ ሾፌር ዘግይቶ ፍሬን ይይዛል። በእኛ መንገድ ያ የሰው ሕይወት ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

ታሪኩ ያስተማረንን በየተራው እናስቀምጥ።

ከሁሉ በፊት ጥገና ነው። ጩኸቱ ከማርሚታ ቀዳዳ፣ ካረጀ የሞተር መቀመጫ ጎማ ወይም ከላላ በር ከሆነ ጉዝጓዝ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አያድንም። የማርሚታ ቀዳዳ በተለይ አደገኛ ነው፤ በወለል ስንጥቅ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ጋቢናውን ከመድፈናችን በፊት ማርሚታው መፈተሽ አለበት።

ቀጥሎ ወለሉን ገልጦ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ዝገቱን ፍቆ በፀረ ዝገት ቀለም መቀባት። በጣም አሮጌ መኪና ከሆነ ያረጀውን ሰሌዳ ሲፍቁ አፍና አፍንጫን መሸፈንና ውሃ እየረጩ መሥራት ይገባል፤ በድሮ መኪኖች አንዳንድ ክፍል ውስጥ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ነበርና። ውሃ የሚወርድባቸው የበርና የወለል ቀዳዳዎች ግን አይደፈኑም፤ እነሱ ከተደፈኑ ዝናቡ ውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛው ጎሚኒ ነው። በበሩና በጎሚኒው መካከል ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉ፤ ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ጎሚኒው ሞቷል። የመሪውና የሽቦው ማለፊያ ቀዳዳዎችም በላስቲክ ይደፈኑ። በትንሽ ወጪ ብዙ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛው ከበሮው። ላሜራውን በጣታችሁ አንኳኩ፤ እንደ ቆርቆሮ የሚጮኸውን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉና መሐሉን ለጥፉ። ለእኛ ሙቀት ቡታይል የሚባለው ላስቲክ መሰል ሙጫ ያለው ሰሌዳ ከሬንጅ ይሻላል፤ አይንጠባጠብም፣ አይሸትም። አየር ሳይቀር በደንብ ተጨፍልቆ መለጠፍ አለበት።

አምስተኛው የሞተሩ ግድግዳና የእግር ሥር፦ ከባድ ላስቲክ፣ ከሥሩ ውሃ የማይጠጣ፣ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ስፖንጅ። የፍራሽ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል፤ ከማርሚታና ከሽቦ አጠገብ ፈጽሞ አይግባ።

ስድስተኛው ጣራው። ከላሜራው ጋር የማይጣበቅ፣ ትንሽ ክፍተት ያለው መከላከያ፤ ከውጭ ደግሞ ነጭ ቀለም። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው ምንጣፍ የሚነጠፈው፤ እሱም ለማድረቅ በቀላሉ የሚነሳ ይሁን እንጂ በማስቲሽ አይጣበቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ግባችን ጋቢናውን መቃብር ማድረግ አይደለም። በጁባ ቦዳ ቦዳው ከየት እንደሚመጣ፣ ኬላ ላይ «ቁም» የሚለው ድምፅ፣ ከኋላ የሚነፋው ጥሩምባ መሰማት አለበት። ኬላ ሲቀርብ መስኮት ዝቅ ማድረግና ሬዲዮ መቀነስ የቀድሞ ልማዳችን ነው፤ መኪናው ጸጥ ሲል ልማዱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. በጃፓን እርዳታ የተሠራው የፍሪደም ድልድይ ሲከፈት፣ በአሮጌው የብረት ድልድይ ላይ የለመድነው የወለል ብረት ካካታ አዲሱ ላይ ሳይሰማ ሲቀር ከመካከላችን አንዱ «ጎማዬ ተነፈሰ እንዴ?» ብሎ ነበር። ጩኸት እንዲህ ነው፤ እስኪቆም ድረስ መኖሩን አናውቅም።

በቡናው ምሽት የተነሳበት ወንድማችን መኪናውን ከላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል አሠርቷል። አዲስ አልሆነችም፤ ናፍጣዋ ዛሬም ይጎረብጣል። ነገር ግን ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ሳይጮኽ ያዋራዋል። የጠፋው መስማት አይመለስለትም፤ የቀረው ግን አብሮት ይሰነብታል። ባለቤቱ እንደነገረችን አሁን ልጆቹ የሚሉትን ላለማምለጥ ሲያናግሩት ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ነው። ለመኪና መለዋወጫ ከካምፓላ ይመጣል፤ ለጆሮ የሚመጣበት ገበያ የለም። ዝናቡ ሳይጀምር ምንጣፋችሁን አንሱና ከሥሩ ያለውን እዩ።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።